ሦስቱ እጥፋቶች

በደብረ ብርሃን የቅዳሜ ገበያ ረጅም ልብስ የሚገዙ ሙስሊም ሴቶች ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ልብሱን ለፀሐይ ያሳዩታል። አንዷ በትከሻው፣ ሌላዋ በጠርዙ ይዘው ይወጥሩታል፤ ሦስተኛዋ ከጨርቁ ማዶ ትቆማለች። ከማዶ የቆመችው ሴት ጥላ ከታየ ልብሱ ስስ ነው፤ የቀለሙ ማማርም ሆነ የዋጋው መርከስ አያድነውም፣ ወደ ክምሩ ይመለሳል። ጥላ ካልታየ ግን ክርክሩ ይጀመራል።

ሉባባ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያው የወጣችው እናቷ ስለላከቻት ነበር፤ መልእክቱ ግን ከጠዋቱ ውርጭ ይልቅ አጥንቷ ድረስ ገብቶ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ጦይባ የዒድ ልብስ እንድትገዛ አዝዛታለች፤ ለራሷ አልነበረም፣ ለሉባባም አልነበረም። ከወለጋ ሲሸሹ ለጠፋችው ለታናሽ እህቷ ለረውዳ ነበር።

“እጥፋቱ አልቆባታል” ነበር ያለቻት እናቷ፣ ልጅቱ ከጎረቤት ቤት እንደምትመለስ ሁሉ። “በቁመቷ ትከሻሽ ላይ ትደርሳለች። ሰፋ ያለ ፈልጊ።”

የእጥፋቱን ነገር ሉባባ ታውቀዋለች። እናቷ ለልጅ የምትሰፋው ጅልባብ ሁልጊዜ ከልጅቱ ቁመት ይረዝማል። ትርፉን ከጉልበት በታች በሦስት እጥፋት ሰብስባ በድርብ ክር ትይዘዋለች፤ ከዚያ በየዓመቱ በዒድ ጠዋት፣ ልጅቱ ከታጠበች በኋላ፣ አንዱ እጥፋት ይፈታል። ልብሱ ከልጅቱ ጋር ያድጋል። ረውዳ በጠፋችበት ዓመት የለበሰችው አረንጓዴ ጅልባብ አዲስ ነበር፤ ሦስቱም እጥፋቶች አልተነኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዒድ በመጣ ቁጥር እናቷ በተፈናቃዮች መጠለያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ አሁን የመጀመሪያውን ፈታች፣ አሁን ሁለተኛውን ፈታች ትል ነበር። ባለፈው ዓመት ሦስተኛውን አስፈታቻት።

ሉባባ ግን ሌላ ነገር ሰምታለች። በዚያ ሽሽት እናቷ ረውዳን በመጀመሪያው የጭነት መኪና ላይ፣ ከጎረቤት ሴት ጋር፣ አሳፍራት ነበር፤ እነርሱ ራሳቸው በሁለተኛው ተሳፈሩ። ሁለተኛው መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ወደ ወሎ ማለፉ ተነገራቸው። ቆይቶ ከወሎ የመጣ ሰው፣ ከዚያ መኪና ላይ የታመመች አንዲት ሴት ልጅ መንገድ ላይ ሞታ መቀበሯን ለሉባባ ነገራት። ስሟን አያውቅም። ሉባባ ይህን ለእናቷ አልነገረችም። በመጠለያው ያሉ ልጆችን ፊደል ስታስቆጥር ከፊት የተቀመጡትን ትናንሾች ማየት የሚከብዳት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ልባሽ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ አዛለች አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ክርስቲያን ናት። ይሁንና ቦንዳ በፈታች ቁጥር ረጃጅሙንና ሰፋፊውን ለይታ ለሙስሊም ደንበኞቿ በማዳበሪያ ከረጢት ታስቀምጣለች። መልበሻ ክፍል የላትም። አንዲት ሴት ልትለካ ስትፈልግ ጓደኞቿ በየትም ገበያ እንደሚደረገው ጋቢ ይዘው ዙሪያዋን ይቆማሉ፣ አዛለች ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ እንደ ዘበኛ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ዓይንህን ወደ መንገድህ እያለች ትገሥጻለች። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። አዛለች ሉባባንና አብራት የመጣችውን ጎረቤቷን ሽምሲያን ስታይ ገና ከሩቅ ጀመረች።

“ዘንድሮ ገዢውም ሻጩም ጾመኛ ነው። ጉልበት ስለሌለን በመጀመሪያው ዋጋ እንስማማ።”

“አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮሽን በጠዋት ትበያለሽ” አለች ሽምሲያ። “እስከ መግሪብ ቆይተሽ ተከራከሪን እንጂ።”

አዛለች እየሳቀች ከረጢቱን ዘረገፈችላቸው። ሽምሲያ ለማን እንደሚገዛ ታውቃለች፤ ስለዚህም ልክ አልጠየቀችም። የሌለችን ልጅ ልክ መጠየቅ ነውር መሰላት። ሉባባ በትከሻዋ እየለካች አንድ ቡናማ አባያ አነሣች፣ ስስ ሆነ፤ አንድ ጥቁር አነሣች፣ ክርኑ ላይ ተበልቷል። ሦስተኛው ከታጠበ ብዛት የደበዘዘ አረንጓዴ ጅልባብ ነበር። አረንጓዴ ጅልባብ በገበያው ሞልቷልና ምንም አልጠረጠረችም። እርሷ በትከሻው፣ አዛለች በጠርዙ ይዘው ወጠሩት፤ ሽምሲያ ማዶ ቆመች።

“ጥላዬ ይታያል?” ብላ ሽምሲያ ጠየቀች።

ጥላ አልታየም፤ ጨርቁ ወፍራም ነበር። ነገር ግን ከጉልበት በታች በሚያርፈው ቦታ ልብሱን ዙሪያውን የሚከብቡ የብርሃን መስመሮች ነበሩ። መርፌ የበሳቸው፣ ክራቸው የተመዘዘ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ፀሐይ በእያንዳንዳቸው አጮልቃ ትገባ ነበር። መስመሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ቦታ ተሰምረዋል። በድርብ ክር የተሰፉ ሦስት እጥፋቶች፣ ሦስቱም ተፈትተዋል።

ልብሱን ገለበጠችው። በግራ በኩል፣ ደረት ላይ፣ ከውስጥ የተሰፋች ትንሽ ኪስ ነበረች። የኪሷ ጨርቅ ባለ ሰማያዊ መስመር ነበር። ሟቹ አባታቸው ለጁምዓ ብቻ ይለብሱት ከነበረው ሸሚዝ የተቆረጠ ነው፤ ሲቆረጥ ሉባባ መቀሱን አቀብላ ነበር።

ሽምሲያ ከማዶ መጥታ ፊቷን ስታይ ምን ሆነሽ አለቻት። ሉባባ ጾሙ አዞረኝ አለች። ሽምሲያ የሚረጭባት ውኃ ፍለጋ ስትሄድ ሉባባ ወደ አዛለች ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህ ከየት መጣ ስትል ጠየቀቻት። አዛለችም ከቦንዳ እንዳልወጣ፣ ልዋጭ የሚሠራው ጌታሰው እንዳመጣው ነገረቻት። ጌታሰው በየገጠሩ እየዞረ በአሮጌ ልብስ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ይለውጣል፤ የሰበሰበውንም ለአዛለች ያስረክባል። አዛለች የሉባባን ፊት አይታ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ሱቋን ከጎኗ ላለችው ነጋዴ አደራ ብላ ወደ ገበያው ዳር ይዛት ሄደች።

ጌታሰው ሳፋዎቹን በገመድ እያሰረ ነበር። ልብሱን ወዲያው አወቀው። ከጣርማ በር፣ መኪና ከሚያልፍበት ዋሻ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴት እንደሰጠችው ነገራቸው። ያልረሳው ያለምክንያት አልነበረም፤ ልብሱ ሁለት ሳፋ ሲያወጣ ሴትዮዋ አንዱን ሳትከራከር ተቀብላ ገባች። ከዚያ እርሱ መንገድ ከጀመረ በኋላ ሮጣ ደረሰችበት።

“ደብረ ሲና ገበያ እንዳትሸጠው አለችኝ” አለ ጌታሰው። “ራቅ አድርገህ ውሰደው፣ ዓይኔ እንዳያየው አለችኝ።”

ሉባባ እዚያ ቤት ልጅ አይቶ እንደሆነ ጌታሰውን ጠየቀችው። ጥቂት አሰበና ልጅ አላየሁም አለ።

በዚያ ምሽት ለማፍጠር ሲቀመጡ ሉባባ ቴምሩን ከአፏ ማድረስ አቅቷት ነበር። ጅልባቡ በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍራሿ ሥር ነው። እናቷ ልብስ አላገኘሽም ወይ አለቻት፤ ሁሉም ስስ ነው ብላ መለሰችላት። ወይዘሮ ጦይባ ራሷን ነቀነቀች፣ ለረውዳ የሚሆነውን እንደምትመርጥ የምታምን ያህል፣ ለሚቀጥለው ገበያ ቀደም ብለሽ ውጪ አለች። ሉባባ እናቷን ስታያት፣ ከፍራሹ ሥር ያለው ነገር አንድም የልጇ ሕይወት አንድም የልጇ መርዶ መሆኑን አሰበች፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ልታወጣው አልቻለችም። እጥፋቶቹ መፈታታቸው በልብሱ ውስጥ ያደገች ልጅ እንዳለች ይናገራል። ያደገችው ረውዳ ስለመሆኗ ግን አይናገርም። ከሞተ ልጅ ላይ የወለቀ ልብስ ሌላ ልጅ ሊያሳድግ ይችላል። እንዲያ ባይሆን፣ አንዲት ሴት አሮጌ ልብስ ዓይኔ እንዳያየው ብላ ለምን ትሸኛለች?

ሰኞ ዕለት አዛለች ብቻሽን አትሄጂም ብላ ሱቋን አልከፈተችም። ሉባባ ለእናቷ መጽሐፍ ልዋስ ነው ብላ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ሰዎች ስለ መንገዱ በሹክሹክታ ይነጋገሩ ነበር። ትናንት ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ ተከፍቷል፣ ከሰዓት ምን እንደሚሆን አይታወቅም ይሉ ነበር። ፍተሻው ጋ ወታደሩ ፌስታሉን አስከፍቶ ጅልባቡን በሁለት ጣቱ አነሣው። ልብስ ነው አለ ወታደሩ፣ መልሶም ወረወረላት። ከዚያ ወዲያ ጉሙ መጣ። የጣርማ በር ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል፤ በጎቹ እንኳ የሚታዩት ከመኪናው ፊት ሲደርሱ ብቻ ነው። ሉባባ በአንድ ወቅት ረውዳ በዚሁ መንገድ፣ በክፍት መኪና ላይ፣ ያለ እርሷ ማለፏን አሰበች። በመንገዱ ዳር የሚታየውን የድንጋይ ክምር ሁሉ መቃብር ነው እያለች ታየው ጀመር። አዛለች ይህን ያወቀች ይመስል እጇን ይዛ በጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጌታሰው የነገራቸው ቤት ቆርቆሮው በድንጋይ የተጫነ፣ አጥሩ የድንጋይ ካብ የሆነ ነበር። በሩን የከፈተችው ሴት ዕድሜዋ ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ትከሻዋ ላይ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የጣለች ናት። አዛለች ሰላምታ ሰጥታ ልባሽ ነጋዴ መሆኗን መናገር ጀመረች፤ በመንገድ ላይ የተስማሙት ልብሱን አስቀድመው ላለማሳየት ነበር። ሴትዮዋ ግን አዛለችን አላየቻትም። ያየችው የሉባባን ሒጃብ ነበር፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ እጇ፣ በስሱ ፌስታል ውስጥ ወደሚታየው አረንጓዴ ወረደ። ፊቷ አመድ መሰለ።

ሉባባ የተማከሩትን ሁሉ ረሳችው።

“ይህን የለበሰችው ልጅ በሕይወት አለች?” አለች።

ሴትዮዋ መቃኑን ይዛ ቆመች። መልሱ ሳይመጣ ጉሙ በበሩ በኩል ወደ ቤት ይገባ ነበር። ሉባባ በዚያ ዝምታ ውስጥ ለእናቷ የምትናገረውን ቃል መፈለግ ጀምራ ነበር፤ ከመርዶ ጊዜው ኢንና ሊላሂ በቀር ሌላ አልመጣላትም።

“አለች” አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። “ትምህርት ቤት ናት።”

ሉባባ ግን ገና አላመነችም። ስሟን ንገሪኝ አለቻት።

“ረውዳ ነኝ ነው የምትለው።”

ያን ጊዜ ሉባባ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አዛለች ደግፋ አስገባቻት።

ሴትዮዋ ፅጌረዳ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ናት። በዚያ ሽሽት ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ጉም ውስጥ ተበላሽቶ ከበሯ ፊት ማደሩን ተናገረች። ሁለት ልጆች በትኩሳት ይነዱ ነበር። አንደኛዋ ሳይነጋ አረፈች፤ ሰዎቹ ከመንገዱ ማዶ ቀበሯት። ሁለተኛዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች። መኪናው ሲጠገን ሰዎቹ፣ ልጅቱን ይዛ የነበረችው ሴትም ጭምር፣ ልጅቱ በዚህ ሁኔታ መንገድ አትችልም፣ ቤተሰቦቿም ከኋላ ቀርተዋል፣ ተርፈው ከሆነ ይመጣሉ ብለው ትተዋት ሄዱ። ልጅቱ ለብዙ ወራት አልተናገረችም። ስትናገር በመጀመሪያ የጠየቀችው ዒድ መቼ እንደሆነ ነበር። ፅጌረዳ ደብረ ሲና ወርዳ ሙስሊም ነጋዴዎችን ጠይቃ መጣችላት። በዚያ ጠዋት ልጅቱ ታጥባ፣ ከጅልባቧ አንዱን እጥፋት በጥርሷ ፈታች። በየዓመቱ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ልጅቱ ስትጾም ፅጌረዳ ምሳዋን ከበጎቹ ጋር ደጅ ትበላ ነበር።

“ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ ልብሷን ዘርግታ አየችው” አለች ፅጌረዳ። “የሚፈታ የለም አለችኝ። የሚፈታው ሲያልቅ እማ አዲስ ትገዛለች፣ ስለዚህ ሄጄ ልፈልጋት አለችኝ። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ዘመን፣ ብቻዋን።” ብርድ ልብሷን ሰብስባ ያዘች። “ልብሱ ከፊቷ ቢጠፋ ሐሳቡም የሚጠፋ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ሳለች ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም።”

አዛለች ቀስ ብላ፣ ደብረ ብርሃን ያን ያህል ሰው ተጠልሎ ሳለ እስከ ዛሬ ስለ ምን አልጠየቅሽም አለቻት።

“መጠየቅ ነበረብኝ” አለች ፅጌረዳ። “ፈራሁ።”

ከዚህ በኋላ ሦስቱም መንገዱን እያዳመጡ ተቀመጡ። ሉባባ ደስታው ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ግን አዲስ ስጋት ነበር። ረውዳ ስትጠፋ የፊት ጥርሶቿ ገና አዲስ ነበሩ። አሁን ፊቷ ምን ይመስል ይሆን? ልጅቱ እርሷን ባታውቃትስ? ከዚህ ቤት፣ ከትምህርት ቤቷ፣ ከበጎቹ ጋር ተዋህዳ፣ ወደ ድንኳን አልሄድም ብትልስ? የእናቷን ፊት አስባ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

የድንጋዩ ካብ በር ሲንቋቋ ፅጌረዳ አልተነሣችም። የገባችው ልጅ ደብተሯን በክንዷ የታቀፈች፣ የተማሪ ሹራብ የለበሰች፣ ከፅጌረዳ ነጠላ የተቀደደ ሻሽ አገጯ ሥር አጥብቃ ያሰረች ነበረች። ቁመቷ የሉባባ ትከሻ ላይ አልነበረም፤ ከጆሮዋ ይደርስ ነበር። እንግዶቹን ስታይ ደጃፉ ላይ ቆመች። ዓይኖቿ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዞሩ፤ ማንንም አላወቁም።

ሉባባ ከፌስታሉ ጅልባቡን አወጣች። አዛለች ነገሩ ገብቷት ጠርዙን ያዘች፤ ሁለቱም እንደ ገበያው ልማድ በበሩ ብርሃን ፊት ወጠሩት። ልጅቱ ማዶ ቀረች። ጨርቁ ወፍራም ነውና ጥላዋ አልታየም። የሚታየው ሦስቱ የቀዳዳ መስመሮች ብቻ ነበሩ፤ የጉሙ ብርሃን በእነርሱ በኩል ይገባ ነበር።

ከዚያ ከአንገቱ በኩል ጣቶች ወደ ውስጥ ገቡ። በግራ በኩል ወደ ደረቱ ወረዱና ባለ መስመሩን ትንሽ ኪስ ዳሰሱ፤ ዳስሰውም እዚያው ቆዩ።

“እማ አዲሱን ገዛችልኝ?” አለ ከጨርቁ ማዶ ያለው ድምፅ።

“እንድገዛልሽ ልካኝ ነበር” አለች ሉባባ። “ልክሽን አላወቅነውም።”

ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። እህትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ሒጃቦቻቸው ተዛንፈው ነበር፤ ወንድ በቤቱ ስላልነበረ ማንም ልብ አላለም። ረውዳ ስለ እናቷ ደጋግማ ጠየቀች፣ ሉባባም ደጋግማ፣ አለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደብረ ብርሃን ናት፣ እዚህ መምጣቴን አታውቅም አለቻት። ልጅቱ እያንዳንዱን መልስ ትሰማና ሐሰት እንደሆነ ሁሉ እንደገና ትጠይቃለች።

አዛለች በበሩ ወደ ውጭ እያየች፣ መንገዱ ከሰዓት ሊዘጋ ስለሚችል አሁኑኑ መነሣት እንደሚሻል አሳሰበች። ያን ጊዜ ሁሉም ስለ ፅጌረዳ አሰቡ። ሴትዮዋ ከወለሉ ላይ ጅልባቡን አንሥታ ታጥፈው ነበር፤ እጇ ግን እጥፋቱን መያዝ አቅቶት ደጋግማ ትጀምረዋለች።

“አዲሱ” አለች ቀና ሳትል፣ “አዲሱም እጥፋት ይኖረዋል?”

ሉባባ እናቷ ስንት እጥፋት እንደምትሰፋ፣ ቀጣዩ ዒድ በየትኛው ቤት እንደሚውል፣ በድንኳኑ ይሁን በዚህ ቤት አታውቅም ነበር። ረውዳ ወደ ፅጌረዳ ሄዳ ልብሱን ከእጇ ወሰደች። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረቻት።

“ሲለካ ጋቢ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል” አለቻት።

ፅጌረዳ ፊቷን በብርድ ልብሷ ጫፍ ጠርጋ በጎቹን ለጎረቤት አደራ ልትል ወጣች። ስትመለስ አራቱም ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ጉሙ አልተገለጠም ነበር። ከታች፣ ከዋሻው በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ወደ እነርሱ ይምጣ ወይም ይራቅ ግን መለየት አልቻሉም። ፅጌረዳ የረውዳን አንድ እጅ፣ ሉባባ ሌላውን አጥብቀው ይዘው፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስዳቸውን መኪና እየጠበቁ ከመንገዱ ዳር ቆሙ።